እማዬ ስጋውን አንኳኳችው

ጅማ መብራት ከጠፋ ዛሬ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ነሐሴ ነውና ዝናቡም አልተወንም። ጠዋት ይጀምራል፣ ከሰዓት ትንሽ ያርፋል፣ ማታ ደግሞ ካቆመበት ይቀጥላል። አዌቱ ሞልቷል። ድልድዩ ላይ ቆማችሁ ስታዩት ውሃ ሳይሆን ቀይ አፈር የሚፈስ ይመስላል። የላፕቶፔ ባትሪ 61 በመቶ ላይ ነው። እስኪያልቅ እጽፋለሁ።

ያስጻፈኝ ፍሪዘሩ ነው። ፍልሰታ ሲፈታ በቅርጫ የደረሰን ስጋ በየፌስታሉ ተቋጥሮ እዚያ ውስጥ አለ። ትናንት ማታ እማዬ ሻማ ይዛ ክዳኑን ከፈተችና አንዱን ፌስታል አወጣች። መጀመሪያ በአውራ ጣቷ ጫን አለችው። ጣቷ ትንሽ ገባ። "ለስልሷል" አለች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ጣቷን አጥፋ፣ በአንጓዋ አንኳኳችው። ሁለቴ። ቋ፣ ቋ። ጆሮዋን ጠጋ አድርጋ ሰማችው። "ላዩ ብቻ ነው። ውስጡ ገና ድንጋይ ነው፤ እስከ ነገ ይቆያል" ብላ መለሰችው። ክዳኑን ዘግታ አሮጌ ጋቢ ደረበችበት።

እኔ ሳቄ መጣ።

"ምን ያስቅሻል?"

"እማዬ፣ አሁን ያደረግሽውን ለመማር እኮ ነው እኔ ሁለት ዓመት ስዊዘርላንድ የከረምኩት።"

እሷ ግን አልሳቀችም። "ታዲያ እዚሁ ብትጠይቂኝ አላሳይሽም ነበር?"

ሰፈር ውስጥ ጂኦፊዚክስ (የመሬትን ውስጥ የሚያጠና ትምህርት) ተማርኩ ስል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ወርቅ ታገኛላችሁ?" ብሎ ነው። አይ ወርቅ አይደለም ስል "ነዳጅ?" ይላል። "ተራራ ውስጥ የተደበቀ በረዶ ነው የፈለግኩት" ካልኩ ጨዋታው እዚያው ያበቃል። ቡናው ይቀዳል፣ ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል። ዛሬ የሚያቋርጠኝ የለም፤ ልናገር።

ፐርማፍሮስት የሚባል ነገር አለ። ቢያንስ ሁለት ዓመት በተከታታይ ሙቀቱ ከ0 ዲግሪ በላይ ያልወጣ መሬት ማለት ነው። ትርጉሙ ይኸው ነው፤ በውስጡ "በረዶ" የሚል ቃል እንኳ የለም። ደረቅ አለትም ከዜሮ በታች ከቆየ ፐርማፍሮስት ይባላል። በበጋ ከላይ ጥቂት ሜትር ይቀልጣል፣ ክረምት ሲመጣ መልሶ ይረጋል። ያ ላዩ የሚቀልጠው ንብርብር የእማዬ አውራ ጣት የገባበት ነው። ከስሩ ያለው ቋ የሚለው ነው። (እዚያ ሐምሌና ነሐሴ በጋ ነው። መጀመሪያ ሰሞን "በጋ ላይ ሜዳ እንወጣለን" ሲሉኝ እኔ ልቤ ጥር ላይ ነበር።)

ሮክ ግላሲየር ደግሞ የዚሁ ዘመድ ነው። እኔ ለራሴ "የድንጋይ ግግር" እለዋለሁ። ከላይ ከገደሉ የተናደ ቋጥኝና ጠጠር ከበረዶ ጋር ተለውሶ፣ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ቁልቁል የሚሄድ ነው። በዓመት ከጥቂት ሴንቲሜትር እስከ ጥቂት ሜትር ይሄዳል። ከሩቅ ስታዩት ወፍራም ሊጥ ምጣድ ላይ ፈስሶ መሃሉ እንደተሸበሸበ ነው። ከቅርብ ስታዩት ግን ሊጥም በረዶም የለም። ድንጋይ ብቻ።

መጀመሪያ ቀን በጣም ነው የከፋኝ። ቦታው በደቡብ ምዕራብ ስዊዘርላንድ፣ ቫሌ በሚባለው ክልል ነው። እኔ በልቤ የያዝኩት የፖስት ካርዱን ነጭ ተራራ ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ ዳገት ወጥተን የደረስነው ካባ የሚመስል ቦታ ላይ ነው። ማለት፣ ጅማ ዙሪያ ድንጋይ የሚፈለጥበትን ካባ አስቡ፤ ቁልሉን ሺህ ጊዜ አብዙት። "በረዶው የታለ?" አልኩ። ፕሮፌሰሯ መልስ አልሰጡኝም። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ዳገት ላይ ከእኔ የሚፈጥኑ ሴት ናቸው። እጄን ይዘው ሁለት ቋጥኞች መሃል አስገቡት። ከስር ቀዝቃዛ አየር ይተነፍሳል። ውጭው ጃኬት የሚያስወልቅ ፀሐይ ነው፤ እዚያች ክፍተት ውስጥ ግን ፍሪጅ የተከፈተ ነው የሚመስለው። ከዚያ ጆሮዬን እንዳስጠጋ ነገሩኝ። ከስር ውሃ ይንጠባጠባል፣ ይንኳለላል። አይታይም።

ትንሽ ወርደን ከግርጌው የሚፈልቀውን ምንጭ ለካን። 0.6 ዲግሪ። በበጋው ማብቂያ የምንጩ ውሃ ከ1 ዲግሪ በታች ከሆነ ከበላዩ ባለው ቁልቁለት ውስጥ ፐርማፍሮስት ሊኖር ይችላል ተብሎ ይጠረጠራል። ከ2 ዲግሪ በላይ ከሆነ ተስፋው ይመነምናል። የግግሩን ፊትም፣ ማለት የታችኛውን ጫፉን፣ ያያሉ፤ ቁልቁለቱ ቀጥ ያለ፣ ሣር ያልበቀለበት፣ ትኩስ ጠጠር የሚንሸራተትበት ከሆነ ገና እየሄደ ነው። ሣር ለብሶ ከተኛ በረዶው ድሮ ቀልጦ አልቋል።

ይህ ሁሉ ግን ጥርጣሬ ነው። እርግጠኛ መሆን የሚፈልግ ይቆፍራል። በምሥራቅ ስዊዘርላንድ፣ ኤንጋዲን ሸለቆ፣ ሙርቴል የሚባል ሮክ ግላሲየር አለ። እ.ኤ.አ. በ1987 እዚያ 58 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ተቆፈረ። ከላይ 3 ሜትር ግድም ድንጋይ፣ ከስሩ ደግሞ ከድንጋይ ይልቅ በረዶው የሚበዛበት ወፍራም ንብርብር ተገኘ። የሚገርመው፣ አብዛኛው እንቅስቃሴ 30 ሜትር ገደማ ላይ ባለች አንዲት ቀጭን ንብርብር ላይ ነው የሚካሄደው። ቁልሉ ሁሉ በእሷ ላይ ተቀምጦ ይጓዛል። የዚያ ቦታ ሙቀት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሲለካ ኖሯል። ግን ስንቱን ተራራ ትቆፍራላችሁ? መቆፈሪያው በሄሊኮፕተር ነው የሚወጣው። ጉድጓዱም ቢሆን የሚነግራችሁ ስለዚያች አንዲት ነጥብ ብቻ ነው። ስለዚህ ሳይቆፍሩ ማየት ያስፈልጋል። የእኔ ሙያ እዚህ ጋ ይገባል።

መጀመሪያ የምንሠራው በኤሌክትሪክ ነው። 48 የብረት ካስማ በየ4 ሜትሩ ትተክላላችሁ፤ መስመሩ 188 ሜትር ይሆናል። ሁሉንም በኬብል ታያይዛላችሁ። መሣሪያው በሁለቱ ካስማ መብራት ወደ መሬት ይልካል፣ በሌሎች ሁለት ቮልቴጅ ያነባል። ከዚያ ካስማ እየቀያየረ፣ እየራቀ፣ ጥልቅ እየሆነ ይሄዳል። የሚለካው ሬዚስቲቪቲ ነው፤ መሬቱ መብራት ለማሳለፍ ምን ያህል እምቢ እንደሚል። እርጥብ ሸክላ አፈር እሺ ባይ ነው፤ አሥርና ሃያ ኦም ሜትር። በረዶ የሞላበት ድንጋይ ግን ከአሥር ሺዎች ተነስቶ ሚሊዮን ሊያልፍ ይችላል።

ሲወራ ቀላል ነው። ቋጥኝ ላይ ካስማ ግን አይተከልም። መዶሻ ብትመቱበት ይዘላል። መሬት ካልነካ ደግሞ መብራቱ አይገባም፤ መሣሪያው ቀይ እያበራ ይጮህባችኋል። መፍትሔው ምን መሰላችሁ? ስፖንጅ። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ በጨው ውሃ ነክራችሁ በካስማውና በድንጋዩ መሃል ትወትፋላችሁ። 48 ካስማ፣ 48 ስፖንጅ፣ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሙሉ የጨው ውሃ። ጄሪካን መሸከም ከአገር ቤት ጋር የቀረ መስሎኝ ነበር። አልፕስ ላይ ተሸክሜ ዳገት ወጣሁ። ለእማዬ ፎቶ ልኬላት "ለዚህ ነው እንዴ አውሮፕላን የተሳፈርሽው?" ብላኛለች።

ማታ ጎጆው ውስጥ ዳታውን ስናወጣ ምስሉ በቀለም መጣ። ከላይ ጀምሮ እስከ ፊቱ ድረስ መስመሩ ሁሉ ከስር ሰማያዊ ነው። እኛ የመረጥነው ቀለም ነው፤ ሰማያዊ ማለት ሬዚስቲቪቲው በጣም ከፍ ያለ ማለት ነው። እኔ ዘልዬ ተነሳሁ። "በረዶ! ሙሉውን በረዶ ነው!"

ፕሮፌሰሯ ሾርባቸውን እየጠጡ ቀና አሉ። "ወይም አየር ነው" አሉ።

ሾርባቸውን ቀጠሉ።

ቁጭ አልኩ። እውነታቸውን ነው። በረዶ መብራት አያሳልፍም። አየርም አያሳልፍም። በትልልቅ ቋጥኞች መሃል ያለ ባዶ ክፍተት ለኤሌክትሪኩ ልክ እንደ በረዶ ነው። ስንጥቅ የሌለው ደረቅ አለትም እንዲሁ። ሦስቱም በእኔ ምስል ላይ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ስፖንጅ ስነክር ውዬ ያገኘሁት "እዚህ ጋ መብራት የማያሳልፍ ነገር አለ" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አያቴ የሰፈር ሽማግሌ ነበሩ፤ ጠብ ሲመጣላቸው ከሁሉ በፊት የሚጠይቁት "ሌላ ያየ ሰው አለ?" ብለው ነበር። በአንድ ምስክር ፈርደው አያውቁም። እኔ ግን ፈርጄ ጨርሻለሁ።

በማግስቱ መዶሻው ወጣ። 8 ኪሎ ነው። በዚያው መስመር ላይ 24 ጂኦፎን ደረደርን። ጂኦፎን የመሬት ጆሮ ነው በሉት፤ ትንሽ ንዝረት ይሰማል። ከዚያ ብረት ላይ በመዶሻ ትመታላችሁ፣ ድምፁ በመሬት ውስጥ ሄዶ እያንዳንዱ ጂኦፎን ጋ በስንት ሚሊሰከንድ እንደደረሰ ይመዘገባል። አንድ ቦታ ላይ አሥር ጊዜ መምታት አለባችሁ፤ አሥሩ ሲደመር የነፋሱ ረብሻ ይዋጣል። ሰው ካለፈ ቁሙ ይባላል። ላም ካለፈች ላሟ እስክትሄድ ይጠበቃል፤ የአንገቷ ቃጭል ሳይቀር ጂኦፎኑ ላይ ይገባል። ወደ ማታ መዳፌ ውሃ ቋጠረ።

ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 330 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በውሃ 1,500። በበረዶ 3,500 ግድም። በደህና አለት ከ5,000 በላይ። አሁን ሦስቱ ሰማያዊዎች ይለያያሉ። መስመሩ ላይኛው ግማሽ ሬዚስቲቪቲው ከፍ ብሎ ፍጥነቱም 3,500 አካባቢ መጣ። በረዶ። ወደ ፊቱ ያለው ታችኛው ክፍል ግን ሬዚስቲቪቲው ያው ሆኖ ፍጥነቱ ከ1,000 በታች ወረደ። ባዶ ነው። ቋጥኝና አየር። እኔ "ሙሉውን በረዶ" ያልኩት ግማሹ ነፋስ ነበር።

ድምፁም ብቻውን ቢሆን ጉድ ያደርጋል። በዚህ ዘዴ ፈጣን ንብርብር ከላይ፣ ዘገምተኛ ንብርብር ከስር ከሆነ የስሩ አይታይም፤ ድምፁ ወደ ላይ አይመለስም። ለዚህ ነው ሁለቱ አብረው የሚሠሩት። ክርስቲያን ሃውክ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ስሌት አለ። መሬቱን አራት ነገር ነው ብሎ ይነሳል፤ አለት፣ ውሃ፣ በረዶ፣ አየር። አራቱ ሲደመሩ አንድ ሙሉ። ከኤሌክትሪኩ አንድ ቀመር፣ ከድምፁ አንድ ቀመር፣ ከድምሩ አንድ ቀመር። ቁጠሩት። ሦስት ቀመር፣ አራት ያልታወቀ። አንድ ይጎድላል። ብዙ ጊዜ አለቱ ስንት እጅ እንደሆነ ከቦታው ተነስታችሁ ትገምታላችሁ። እኔ ይህን ስሌት የምወደው ጉድለቱን ስለማይደብቅ ነው። ከመጨረሻው ዳኛ ጋር፣ ከጉድጓዱ ጋር ስታስተያዩት ነው ልባችሁ የሚያርፈው።

"ቴርሞሜትር ብቻ ብትቀብሩስ?" ያለኝ ሰው ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ያው ፍሪዘሩ ውስጥ አለ። መብራት ሲጠፋ ስጋው ወዲያው አይሞቅም። ዜሮ አካባቢ ይደርስና እዚያው ቆሞ ይቀራል፤ የሚገባው ሙቀት ሁሉ በረዶውን ለማቅለጥ ይውላል። አንድ ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ የሚፈጀው ሙቀት ያንኑ አንድ ኪሎ ውሃ ከ0 እስከ 80 ዲግሪ ያሞቀዋል። ተራራውም እንደዚያው ነው። ቴርሞሜትሩ ለዓመታት ዜሮ አካባቢ ሊያነብ ይችላል። ምንም የተለወጠ አይመስልም። ውስጥ ግን በረዶው ወደ ውሃ እየሄደ ነው። ይህን ቴርሞሜትሩ አያይም፣ ኤሌክትሪኩ ያየዋል፤ ውሃው ሲበዛ ሬዚስቲቪቲው ይወርዳል። ሺልትሆርን በሚባለው ተራራ ላይ፣ 2,970 ሜትር ከፍታ፣ ከ1999 ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ካስማዎቹ እዚያው ተተክለው እየተለካ ነው። አውሮፓን ያቃጠለው የ2003 በጋ ሲመጣ፣ ያ በየዓመቱ 5 ሜትር ገደማ ይቀልጥ የነበረው ንብርብር ወደ 9 ሜትር ተጠጋ። በአንድ በጋ።

ለምን ይጠቅማል ላላችሁ፣ በዚያ ከፍታ የኬብል መኪና ጣቢያ እግሩን የተከለው እንዲህ ባለ መሬት ላይ ነው። ከታች ደግሞ መንደር አለ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2017 ፒዝ ቼንጋሎ ከሚባለው ተራራ 3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል አለት ተንዶ ስምንት ተጓዦችን ይዞ ሄዷል፤ ያ ገደል ፐርማፍሮስት ያለበት ነው። ደረቁ የአንዲስ አገር ደግሞ ነገሩን ከውሃ አንጻር ነው የሚያየው። አርጀንቲና እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው ሕግ የበረዶ ግግርን ብቻ ሳይሆን ይህን በድንጋይ የተሸፈነውንም ጠብቃለች። ማዕድን አውጪዎች አልወደዱትም።

ባትሪ 34 በመቶ። ወደ ጅማ ልመለስ።

ስመለስ በረዶ የለም። ከተማችን 1,780 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ያለን ቡና፣ ጭቃና ባጃጅ ነው። የተማርኩት መሣሪያ ግን ያው ነው። እዚህ የምንፈልግበት የጉድጓድ ውሃ ነው። ነገሩም የተገላቢጦሽ ሆኖ ጠበቀኝ። እዚያ የምፈልገው መብራት የማያሳልፈውን ነበር። እዚህ የምፈልገው የሚያሳልፈውን ነው። በተሰነጣጠቀ ባዛልት ውስጥ ውሃ ካለ ሬዚስቲቪቲው ይወርዳል። ግን ሸክላ አፈርም ይወርዳል። ጅማ ደግሞ ስንት ሜትር ሸክላ እንዳለን ጫማችሁን ጠይቁት።

ከሦስት ዓመት በፊት ከከተማ ወጣ ብሎ ላለ አንድ ቀበሌ ቦታ እንድመርጥ ተጠራሁ። አሠሪው መሥሪያ ቤት በጀቱ ለአንድ ዓይነት ልኬት ብቻ ነው አለ፤ ኤሌክትሪኩ ይበቃል ተባለ። እኔ ያንን ሾርባ አስታወስኩ። ሁለተኛ ልኬት ያስፈልጋል አልኩ፣ አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብዬ። ከዚያ ዝም አልኩ። ከ40 ሜትር በታች ሬዚስቲቪቲው 20 ሆኖ መጣ። ቆንጆ ቁጥር ነው። "እዚህ ይቆፈር" ብዬ ፈረምኩ።

ሪጉ (የጉድጓድ መቆፈሪያው መኪና) ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ሴቶቹ ቢጫ ጄሪካናቸውን በመስመር ደርድረው ጠበቁ። ገና ሳይቆፈር ወረፋ ተይዟል። 40 ሜትር ላይ መቆፈሪያው ሲወጣ ነጣ ያለ አመድማ ሸክላ ተጣብቆበት ነበር፤ እንደ ማስቲካ። 60 ላይ ያው። 90 ላይ ያው። ኦፕሬተሩ ሞተሩን አጠፋው። እንዲያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። አንድ አዛውንት በኦሮምኛ "ልጄ፣ ውሃው የት ሄደ?" አሉኝ። ሽሙጥ አልነበረም፤ የምር ነው የጠየቁኝ። ሴቶቹ ባዶ ጄሪካናቸውን ይዘው ሄዱ። አንዷ እያለፈች ትከሻዬን መታ አደረገችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በጀቱ ጥፋተኛ ነው? ነው። ግን ፊርማው የእኔ ነው።

ዓመት ሳይሞላ በራሴ ጊዜ ተመለስኩ። ጂኦፎን ተዋስኩ። መርካቶ ወርጄ 6 ኪሎ መዶሻ ገዛሁ፤ ሻጩ "ቤት ልታፈርሺ ነው?" አለኝ። አንድ ጋራዥ ወፍራም ላሜራ ቆርጦ ሰጠኝ። ሁለት ተማሪዎቼ አብረውኝ መጡ። የቀበሌው ልጆች ምቱን መቁጠር ሥራቸው አደረጉት፤ "ቶኮ! ላማ! ሰዲ!" እያሉ። ዝም በሉ ብንል ማን ሰምቶን። የልጆቹ ጩኸት እንደዚያች ላም ቃጭል ጂኦፎኑ ላይ ገብቷል፤ ዳታውን ዛሬም ስከፍተው አየዋለሁ።

ደረቁ ጉድጓድ አጠገብ ፍጥነቱ 1,200 ብቻ ሆነ። ለስላሳ ሸክላ ነው፣ አለት አይደለም። 400 ሜትር ርቆ፣ ወደ ሸለቆው ወረድ ብሎ፣ ሬዚስቲቪቲው 80 ነው። መጀመሪያ ይህን ቦታ ሳየው ቁጥሩ አላማረኝም ብዬ አልፌዋለሁ። ፍጥነቱ ግን 2,500 አካባቢ ነው። የተሰነጣጠቀ ባዛልት። መብራት ያሳልፋል፣ ድምፅም ይሸከማል፤ ሸክላ ሁለቱን አንድ ላይ አያደርግም። ሪጉ እስኪመለስ ሰባት ወር ፈጀ። 52 ሜትር ላይ ውሃ ወጣ። ፓምፑ እስካሁን ሁለቴ ተበላሽቷል፤ እሱ የሌላ ሰው ብሎግ ነው።

ተማሪዎቼ ይጠይቁኛል፤ "እኛ አገር ፐርማፍሮስት ነበር እንዴ?" ይላሉ። ባሌን አሳያቸዋለሁ። ሳነቴ አምባ ላይ፣ 4,000 ሜትር አካባቢ፣ ትልልቅ ድንጋዮች በረድፍ ተደርድረው ቁልቁል ይወርዳሉ። ርዝመታቸው እስከ 1,000 ሜትር፣ ስፋታቸው እስከ 15 ሜትር ነው። ሰው የደረደራቸው ነው የሚመስለው። የበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መሬቱ ውስጥ ቴርሞሜትር ቀብረው ለኩ። ዛሬ ውርጩ የሚነካው ላዩን ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው፣ ሌሊት፣ በበጋ። እነዚያን ድንጋዮች ለመደርደር መሬቱ ከዛሬው 11 ዲግሪ ያህል መቀዝቀዝ ነበረበት። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ 3,469 ሜትር ላይ ፊንጫ ሃበራ የሚባል ዋሻ አለ። ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች እዚያ እየተመላለሱ ይኖሩ ነበር። የባሌን ትልቅ ፍልፈል እየጠበሱ፣ በረዶ ግግር በሩቅ እያዩ። ይህን ስነግራቸው ከኋላ ረድፍ "ፍልፈል!" ብሎ የማይጮህ ተማሪ የለም። ስለ 11 ዲግሪው ግን የሚጮህ አላገኘሁም።

እኔም አንድ ጊዜ ሳነቴ ላይ አድሬያለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አፈሩን በጫማዬ ስረግጠው ቅሽሽ አለ፤ ከስሩ መርፌ መርፌ የሚያህል በረዶ ቆሟል። 3 ሰዓት ላይ ጭቃ ነበር።

ባትሪ 9 በመቶ። መብራት አልመጣም። እማዬ ከጓዳ ጠራችኝ። ጋቢውን አንስታ ፌስታሎቹን አንድ በአንድ እያወጣች ነው። ሁለቱን አንኳኳች፤ ዱብ ነው የሚሉት። ዛሬ ይሠራሉ። በዚህ ዝናብ ቋንጣ አይታሰብም። ሦስተኛው ከስር የነበረው ነው። ወደ እኔ ገፋችው። "እስኪ አንቺ ምሁሯ።"

በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። ገባ። በአንጓዬ አንኳኳሁት። ቋ።

"ውስጡ በረዶ አለው" አልኩ።

"ወይም አጥንት ነው" አለች።

ዝም አልኩ።

"ወስፌውን አምጪልኝ" አለችኝ።